ከሰማይ የሚመጣ ራጅ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ራጅ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሐኪም ቤትን ነው። ይኸው ጨረር ከሰማይም ይመጣል፤ ነገር ግን አየራችን ስለሚያስቀረው ከመሬት ሆኖ ሊያየው የሚችል የለም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች የራጅ መመልከቻ በሮኬት ወደ ጠፈር ይልካሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቻንድራ የሚባለው በ1999፣ ኑስታር የሚባለው ደግሞ በ2012 ተልከዋል።

በታላቁ ድብ ከዋክብት አቅጣጫ ኤም 82 የሚባል ጋላክሲ፣ ማለትም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ስብስብ አለ። ከእኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከጎረቤቱ ከኤም 81 ጋር በመቀራረቡ ስበታቸው ጋዙን አናወጠው፤ በመሐሉም ከዋክብት በብዛትና በፍጥነት ይወለዳሉ። ትልልቆቹ ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ፈንድተው ይሞታሉ። ከእነርሱ የሚቀረው የታመቀ አካል አጠገቡ ካለ ኮከብ ጋዝ ይስባል፤ ጋዙም ሲወድቅ በሚሊዮን ዲግሪ ይግላልና ራጅ ያወጣል።

ከእነዚህ ምንጮች እጅግ ደማቆቹ ኤክስ 1 እና ኤክስ 2 ይባላሉ። ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት ይህን የሚያህል ድምቀት ከጥቁር ጉድጓድ በቀር ከሌላ አይመጣም ይሉ ነበር። ምክንያትም ነበራቸው። ብርሃን ራሱ ይገፋል፤ አነስ ያለ አካል ከመጠን በላይ ቢያበራ የሚወድቅበትን ጋዝ ገፍቶ ይመልሰዋል ተብሎ ይታመን ነበር።

በጃንዋሪ 21 ቀን 2014 ለንደን ውስጥ መምህር ስቲቭ ፎሲና አራት ተማሪዎች በቴሌስኮፕ ትምህርት ላይ ነበሩ። ደመና እየመጣ ስለነበር ቸኩለው ወደ ኤም 82 አዞሩት፤ ቀድሞ ያልታየ ብርሃን አዩ። የፈነዳ ኮከብ ነበር። ኑስታርም ፍንዳታውን ሊከታተል ወደዚያው ዞረ። ማቴዮ ባኬቲ የተባለው ጣሊያናዊ ሳይንቲስት መረጃውን ሲመረምር በየ1.37 ሴኮንዱ እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ራጅ አገኘ።

ጥቁር ጉድጓድ እንዲህ ያለ የተስተካከለ ምት የለውም። እንዲህ የሚመታው የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ነው፤ ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፣ ስፋቱ ግን የአንድ ከተማ ያህል ነው። ኑስታር ሁለቱን ምንጮች ለይቶ ማየት አይችልም ነበርና ቻንድራ በጠራ ዓይኑ አገዘው፤ ምቱ የኤክስ 2 መሆኑ ታወቀ። ድምቀቱ የ10 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ነው። ውጤቱ በኦክቶበር 2014 ታተመ። ከዚያም በኋላ በሌሎች ጋላክሲዎች ተመሳሳይ ኮከቦች ስለተገኙ፣ ጥቁር ጉድጓድ የተባሉት እንዲህ ያሉ ምንጮች እንደገና መመርመር ጀመሩ።

ወገኖቼ፣ ሊቃውንቱ ሐሳባቸውን የለወጡት ማንም ስላዘዛቸው አይደለም፤ ምቱን ስለቆጠሩ ነው። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሯችሁ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላችሁ አትለፏቸው። መልሱን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። «በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ ዲፕሎማም ዕብራይስጥም አያስፈልግም፤ በአማርኛ ይበቃል። ልጁ ለእናቱ ለማስረዳት ሲል ራሱ ደግሞ ያስባል፤ ትምህርትም የሚጸናው ያን ጊዜ ነው።