ስለ «ሪፊፊ» ሁለት ፍርድ

አቅራቢው፦ በፖለቲካ እምነቱ ምክንያት በሆሊውድ ሥራ የተነፈገው ጁልስ ዳሲን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 በፓሪስ ባወጣው በዚህ ፊልም፣ የዘረፋውን ሌሊት ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ቃልና ያለ ዜማ፣ እንደ ገዳም በአርምሞ ስላሳየን፣ እኔ ከታላላቆቹ ድርሳናት ጋራ እቆጥረዋለሁ።

አቅራቢዋ፦ አርምሞውንስ ማን ይክዳል፣ ወንድሜ! ነገር ግን ሌቦቹ ከላይኛው ቤት ወለሉን በስተው፣ ፍርስራሹ ወድቆ እንዳይጮኽ ጃንጥላ በቀዳዳው አሾልከው ሲዘረጉ፣ ደወሉንም በእሳት ማጥፊያ አረፋ ሲያፍኑ ያየ ጎልማሳ፣ ስርቆትን ተማረ እንጂ ጥበብን አልቀሰመም የሚሉትን ተመልካቾች በከንቱ ተናገሩ አልልም።

አቅራቢው፦ ፍጻሜውን ዘነጉትሳ፣ እመቤቴ! ከአራቱ ዘራፊዎች በዘረፉት ዕንቁ የተጠቀመ አንድ ስንኳ የለም፤ አለቃቸው ቶኒም ደሙ እየፈሰሰ፣ የተሰረቀውን የባልንጀራውን ሕፃን በመኪና ለእናቱ ሲያደርስ መሪውን እንደ ጨበጠ ይሞታል።

አቅራቢዋ፦ አልዘነጋሁም፤ ይኸው ቶኒ አስቀድሞ የቀድሞ ወዳጁን ማዶን በቀበቶ መግረፉን ግን አድናቂዎቹ እንደ ኢምንት ያልፉታል። ዳሲን በካን የተቀበለው የአዘጋጅነት ሽልማት ይገባዋል፤ ለቶኒ ግን እንባ አይገባውም።