ጨው በልኩ ሲሆን መድኃኒት ነው



ጨው በኢትዮጵያ ከወጥ ማጣፈጫነት ያለፈ ቦታ ነበረው፤ አሞሌ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ ኖሯል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን የጨው የመድኃኒትነት ዋጋ ነው። ጉዳዩን በድሬዳዋ ማንሳት ተገቢ ነው። በዚህች ሞቃት ከተማ ሰው ሳይታመም እንኳ በላብ ብቻ ውሃና ጨው ይጎድልበታል። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን እንደ ገደለውም ያለ ጎርፍ ሲመጣ፣ ጉዳቱ በደራሹ ውሃ አያበቃም፤ የመጠጥ ውሃ ሲበከል ተቅማጥ ይከተላልና።

ጨውን ለመድኃኒትነት ያዋሉ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1796 መሠረቱን የጣለው ሆሚዮፓቲ ነው። የዚህ ሕክምና ተከታዮች «ናትረም ሙሪያቲከም» የሚሉት መድኃኒት መነሻው የገበታ ጨው ሲሆን፣ ለራስ ምታት፣ ለከንፈር ቁስልና ለኀዘን ጭምር ያዙታል። አሠራሩ አንዱን እጅ ጨው ከ99 እጅ ማቅጠኛ ጋር መቀላቀል፣ ከዚያም ይህንኑ በተለመደው መጠን እስከ 30 ጊዜ መደጋገም ነው። በመጨረሻው ብልቃጥ ከመነሻው ጨው አንዲት ሞለኪውል እንኳ ትገኛለች ተብሎ አይጠበቅም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ ለየትኛውም በሽታ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም።

ሁለተኛው መንገድ የሚታመነው በሚዛን ነው። ይኸውም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በዓለም የጤና ድርጅት ቀመር መሠረት አንዱ ከረጢት 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት ይይዛል። ግሉኮሱ ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። ሶዲየም በአንጀት ግድግዳ በኩል ከግሉኮስ ጋር ተያይዞ ሲያልፍ ውሃም ይከተለዋል፤ ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ስደተኞች ካምፕ ይህን መሰል ውሕድ በሰጡ ጊዜ፣ ከ100 ሕሙማን 30 ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ ከ4 በታች ወረደ።

እንግዲህ አደጋው በሁለት ወገን ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በኦ.አር.ኤስ. ፈንታ የቀጠነውን ብልቃጥ የሰጠ ሰው ባዶ ውሃ ሰጠው ማለት ነው። ከረጢቱን በአንድ ብርጭቆ የበጠበጠች እናት ደግሞ ከልክ ያለፈ ጨው ሰጥታ የልጇን ጉዳት ታባብሳለች። ትክክለኛው ልክ አንድ ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ውሕዱ በማንኪያ ቀስ በቀስ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ቢያስመልስ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይቀጥላል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም። ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ግን ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ይህንን ሁሉ የምታውቅ እናት በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ሁልጊዜ አትቆምም። ከረጢቱን አቀብሎ ዋጋውን መቀበል የሻጭ ሥራ ነው፤ የ1 ሊትር ጠርሙስ አንሥቶ ልኩን ማሳየትና እናቲቱ መልሳ እንድትናገረው ማድረግ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለው የአንድ ሕፃን ሕይወት ነውና።