ሳይቃጠል በቅጠል
(የኮምፕሬሰርን ሙቀት ስለ መቀነስ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ መሣሪያ አያያዝ አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ብዙ ማሽኖች ለመናገር አስቤ ነበር። ሆኖም ጊዜው አጭር ስለሆነ አንዱን ብቻ መርጫለሁ። እርሱም ኮምፕሬሰር ነው።

ለምን ኮምፕሬሰር? እሸት ቡና የሚያመላልሰው መኪና ጎማ የሚነፋው በኮምፕሬሰር ነው። ማሽኖቻችን ከአቧራና ከገለባ የሚጸዱት በኮምፕሬሰር አየር ነው። ቡና ለውጭ ገበያ በሚዘጋጅበት ቦታ የሚገኘው የቀለም መለያ ማሽንም የተበላሸውን ፍሬ ለይቶ የሚያስወጣው በአየር ምት ነው። ከአባሎቻችን መካከልም ልጆቻቸው በግቢያቸው አነስተኛ ኮምፕሬሰር ተክለው ጎሚስታ የከፈቱ አሉ። እነዚህ ሁሉ በዓይነትና በመጠን ይለያያሉ፤ የሚጎዳቸው ግን በአብዛኛው አንድ ነገር ነው። እርሱም ሙቀት ነው።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ሙያውን የጀመርኩት በወጣትነቴ እዚሁ ሄርማታ፣ በአንድ ጎሚስታ ቤት ነው። ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ የገበያ ቦታ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በገበያ ቀን መኪናው ስለሚበዛ ኮምፕሬሰሩ ከማለዳ ጀምሮ አያርፍም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሸተተኝ። ሮጬ ሄድኩና ላቀዘቅዘው ብዬ አንድ ባልዲ ውሃ በጋለው ቴስታ ላይ ደፋሁበት። ቴስታው ተሰነጠቀ። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደሚሰነጠቅ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

አሠሪዬ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ውሃውን ከመድፋትህ በፊት ለምን ጋለ ብለህ መጠየቅ ነበረብህ» ነው ያሉኝ። ፈታተን ስናየው ምክንያቱ ተገኘ። ከጥቂት ቀናት በፊት የመብራት መስመሩ እንደገና ሲዘረጋ ከሦስቱ ፌዝ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ስለነበር ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ኮምፕሬሰሩ ወደ ኋላ ቢዞርም አየር መሙላቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። ነገር ግን የትልቁ ፑሌጃ ክንዶች እንደ ቬንትሌተር ሆነው ወደ ሲሊንደሩ አየር እንዲነፉ የተሠሩት ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሲዞሩ ሲሊንደሩ የሚፈልገውን ነፋስ አያገኝም። አንድ ቀስት ባለማየታችን አንድ ቴስታ ከሰርን።

ክቡራን ወገኖቼ፣

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የማሽን ብልሽት አይደለም። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በአንድ ምት እስከ 8 ባር ቢታመቅና ሙቀቱ መውጫ ባያገኝ፣ በባሕር ጠለል ላይ 285 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እኛ ያለነው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የጅማ አየር የሳሳ ስለሆነ እዚያው 8 ባር ለማድረስ ይበልጥ መታመቅ አለበት፤ በስሌቱ መሠረት 315 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በተግባር ሲሊንደሩ ሙቀቱን በከፊል ስለሚያስወጣ ይህን ያህል አይደርስም። ነገር ግን ሲሊንደሩን የሚያበርደው ነፋስም ከባሕር ጠለሉ አየር ከአንድ ስድስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ በደጋና በወይና ደጋ ያለ ኮምፕሬሰር ሙቀቱ ይበዛል፣ የሚያበርደውም ያንሳል። ቆላ ላይ በቸልታ የሚታለፍ ነገር እዚህ ዋጋ ያስከፍላል።

ከመጠን ያለፈ ሙቀት ዘይቱን ያሳሳል፣ ፋሻውን ይበላል፣ በመውጫው ቫልቭ ላይ ጥላሸት ያከማቻል። ጥላሸት የያዘ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፤ የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባና እንደገና ይታመቃል፤ ሙቀቱም ይብሳል። በዘይት የራሰ ጥላሸት በጋለ ቱቦ ውስጥ እሳት እስከ ማስነሳት ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ወጪ ከማይጠይቀው ልጀምር።

አንደኛ፣ ቦታውን እናስተካክል። ኮምፕሬሰር በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ጥግ ሲቀመጥ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ በአንድ በኩል ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ በሌላው በኩል ከፍ ብሎ ትኩሱ የሚወጣበት መስኮት ይኑረው። ፀሐይ አይምታው፤ ጆንያም አይከመርበት።

ሁለተኛ፣ የሲሊንደሩን ማብረጃ ክንፎች እናጽዳ። የቡና ገለባ ብናኝ ከዘይት ጋር ሲቦካ በክንፎቹ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበርድ በብሩሽ ይጠረግ። የአየር መሳቢያው ማጣሪያም አብሮ ይታይ።

ሦስተኛ፣ የሞተሩ አዟዟር ከቀስቱ ጋር አንድ መሆኑን እናረጋግጥ። የመብራት ሠራተኛ መስመሩን በነካ ቁጥር ይህ ይደገም። ቺንግያው ከላላም ይጠበቅ።

አራተኛ፣ የሚያፈስ መስመር እንድፈን። ምርጡ ማብረጃ ዕረፍት ነው፤ አየር የሚያፈስ መስመር ግን ዕረፍት አይሰጥም። ታንከሩ ሲሞላ ኮምፕሬሰሩን አጥፉና አየሩን ሳትጠቀሙ ማኖሜትሩን ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። ወደ ታች ከወረደ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ።

አምስተኛ፣ ለኮምፕሬሰር የተሠራ ዘይት እንጠቀም። የመኪና ሞተር ዘይት በሙቀት ጊዜ ይበልጥ ጥላሸት ይፈጥራል።

ስድስተኛ፣ ከቴስታው ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቱቦ እናሻሽል። ብዙ አነስተኛ ኮምፕሬሰሮች አጭር ቱቦ ብቻ ስላላቸው ትኩሱ አየር በቀጥታ ታንከር ውስጥ ይገባል። በዚህ ፋንታ ረዘም ያለ የመዳብ ቱቦ ጠምዝዞ ነፋስ በሚመታው ቦታ ማሳለፍ ይቻላል። የቱቦው ውፍረት ከበፊቱ እንዳያንስ፣ ውሃ እንዳይቋጥርም ወደ ታንከሩ ያዘቀዘቀ እንዲሆን ያስፈልጋል። በቴስታው አጠገብ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ቱቦ ፈጽሞ አይገባም። በቴስታውና በታንከሩ መካከልም መዝጊያ ቧንቧ አይደረግ፤ ተዘግቶ ቢረሳ አየሩ መውጫ ያጣል።

ከዚህ በላይ አቅም ያለው ማኅበር አዲስ ሲገዛ ባለ ሁለት ደረጃውን ይምረጥ። በዚህ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር አየሩ በትልቁ ሲሊንደር በከፊል ይታመቅና በማብረጃ ቱቦ አልፎ በትንሹ ሲሊንደር ይጨረሳል። ያው 8 ባር በጅማ ከፍታ በሁለት ደረጃ ቢደረስና በመካከሉ አየሩ በሚገባ ቢበርድ፣ በየደረጃው ያለው ሙቀት በስሌት 145 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ለመታመቅ የሚያስፈልገው ጉልበትም በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ለጠላቂዎችና ለእሳት አደጋ ሠራተኞች መተንፈሻ እስከ 200 ባርና ከዚያ በላይ የሚሞሉ ኮምፕሬሰሮች ሦስትና አራት ደረጃ ያላቸው፣ ከየደረጃውም በኋላ ማብረጃ ያላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ውሃው ልምጣ። የጅማ አየር እርጥበት የበዛበት ነው። በደቂቃ 300 ሊትር አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር በእርጥብ ቀን በሰዓት ከ200 ግራም የማያንስ ውሃ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ከአንድ ሊትር ተኩል ያልፋል። አየሩ ታንከር ሳይገባ ከበረደ ውሃው በወጥመዱ ይያዛል። ትኩስ እንደሆነ ካለፈ ግን ውሃው በመስመሩና በቀለም መለያው ቫልቮች ውስጥ ይወርዳል፤ የዘይት ጭጋግም አብሮት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ሲወጣ ሁላችንም ኮርተናል። አርሶ አደሩ ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ፣ በአልጋ ላይ እያገላበጠ አድርቆ እዚህ ያደረሰው ቡና በእኛ ማሽን ዘይት ሊሸት አይገባም።

ውሃው ታንከሩንም ከውስጥ ያዝጋል። ከውጭ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ታንከር ከሥሩ በዝገት ሳስቶ ሊፈነዳ ይችላል፤ አጠገቡ የሚቆመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ልጅ፣ ያውም ሙያ ለመማር የመጣ ወጣት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ማታ ከታንከሩ ሥር ያለው ማፍሰሻ ይከፈት። ሴፍቲ ቫልቩ ይፈተሽ፤ ማንም በቡሎን እንዳይደፍነው። የዛገ ታንከር በብየዳ አይለጠፍ፤ ይለወጥ።

በመጨረሻም ለአመራሮችና ለሥራ ኃላፊዎች ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። ለእያንዳንዱ ኮምፕሬሰር አንድ ተጠያቂ ሠራተኛና አንድ ደብተር ይመደብለት፤ የሠራበት ሰዓት፣ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ ውሃው የፈሰሰበት ይጻፍ። የጥገና በጀት ቡናው ሳይደርስ በክረምቱ ይለቀቅ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማሽን ፈትቶ መለዋወጫ መፈለግ የአባላትን ገንዘብ መጣል ነው። በግዢ ጊዜም ሻጩ መሣሪያው በ1,700 ሜትር ከፍታ ምን ያህል እንደሚሠራ በጽሑፍ እንዲገልጽ ይጠየቅ። ይህ ምክር ለኮምፕሬሰር ብቻ አይደለም፤ በማጠቢያ ጣቢያዎቻችን መፈልፈያውን የሚያዞረው ሞተርና ጄኔሬተሩም ያው የሳሳ አየር ነው የሚስቡት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። እኔ ቅጠሉን ትቼ በባልዲ ውሃ ለማዳን የሞከርኩት ከተቃጠለ በኋላ ነበር። እናንተ ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ በየማኅበራችሁ ያለውን ኮምፕሬሰር ሄዳችሁ እዩት፤ ከግድግዳው ያለውን ርቀት ለኩ፣ ቀስቱን ተመልከቱ፣ ውሃውን አፍስሱ። ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድባችሁም።