ውጤት ያለ ባለቤት እንዳይቀር
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ኮምፒዩተር የተማሪን ውጤት ከባለቤቱ እንዳይለይ እንዴት እንደሚጠብቀው ነው። ነገሩ ለልደታ ሰው እንግዳ አይደለም። አሮጌው ሰፈራችን ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። ከዚያ የሄደ ልጅ ከዓመታት በኋላ ትራንስክሪፕት ሊወስድ ሲመጣ የሚያውቀው ጎረቤት አያገኝም፤ የሚመሰክርለት መዝገቡ ብቻ ነው።

በኮምፒዩተር መዝገብ የተማሪዎች ስም በአንድ ሰንጠረዥ፥ ውጤታቸው በሌላ ይጻፋል። ሁለቱን በስም እናገናኝ ብንል በአገራችን አያስኬድም። የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን የራሳችንንና የአባታችንን ስም እንጽፋለን፤ በአንድ ክፍልም ሞክሼዎች አይጠፉም። ደግሞ አንዱ ጸሓፊ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሃይ» ይላል፤ ለጆሮ አንድ ነው፥ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰው። ስለዚህ ለያንዳንዱ ተማሪ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር በውጤቱም ሰንጠረዥ ይገባል። በዚያ ሲገባ ፎሪን ኪይ ይባላል፥ የባዕድ ቁልፍ እንደ ማለት ነው። የዚህን የሰንጠረዥ አሠራር መሠረት በ1970 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ኤድጋር ኮድ ነው። ደንቡ ከጸና ቁጥሩ 412 የሆነ ተማሪ ሳይኖር ለ412 ውጤት ላስገባ ቢሉ መዝገቡ እንቢ ይላል።

ይሁን እንጂ «ከጸና» ያልሁት በከንቱ አይደለም። ለትምህርት ቤት የሚበቃው ኤስኪውላይት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ መዝገቡ አንድ ፋይል ብቻ ስለ ሆነ ሰርቨር አያሻውም። የመክፈቻውን ፕሮግራም ጭናችሁ ፋይሉን ስትከፍቱት ግን የባዕድ ቁልፉ ጥበቃ እንደ ወትሮው ተዘግቶ ይቆያል፤ የቀድሞ ፋይሎች እንዳይታወኩ ተብሎ ነው። «ፕራግማ ፎሪን ኪይስ ኦን» የሚለውን ትእዛዝ በከፈታችሁ ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል። ትእዛዙን አሳስታችሁ ብትጽፉም ፕሮግራሙ ዝም ይላል፤ ስለዚህ «ፕራግማ ፎሪን ኪይስ» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት፤ 1 ካለ በርቷል፥ 0 ካለ አልበራም። በአንዱ ቢሮ በርቶ በሌላው ካልበራ፥ ባለቤት የሌለው ውጤት ያለ ድምፅ ይገባል።

ተማሪ ሲሰረዝ ውጤቱ ምን ይሁን? «ካስኬድ» ከተባለ አብሮ ይጠፋል፤ «ሬስትሪክት» ከተባለ ውጤት እያለው ተማሪው አይሰረዝም። ለሱቅ ሒሳብ እንደ ፈለጉ ይሁን፤ ለትምህርት ቤት ግን በበኩሌ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፥ የለቀቀም ተማሪ ተማሪያችን ነበርና።

ጥበቃውን ማብራት ቀድሞ የገባውን ስሕተት አይፈትሽም። ለዚህ «ፕራግማ ፎሪን ኪይ ቼክ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ባለቤት ያጣውን እያንዳንዱን መሥመር ከነሰንጠረዡ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ታትሞ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል፤ እዚያም መምህራን በእጃቸው ከሞሉት የወረቀት ሮስተር ጋር መሥመር በመሥመር ይመሳከራል።