የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና የሾፌር ቁጥር

(በደብረ ታቦር በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወርደው መንገድ መኪና በተገለበጠ ቁጥር በየሻይ ቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ነው የጨረሳቸው» ይባላል። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ዳሩ ግን ፍርዱ እውነት እንደ ሆነ ለማወቅ ስንት ወጣት ሾፌር፣ ስንትስ በዕድሜ የበሰለ ሾፌር እንዳለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከመቶ ሾፌር ሰማንያው ወጣት ቢሆን፣ ከመቶ አደጋም ሰማንያውን ወጣቶች ቢያደርሱ፣ ከሌላው በምን ባሱ?

ይህ ቁጥር የሚገኘው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነው። መዝገቡ ግን የተሰጠውን ፈቃድ እንጂ መሪ የጨበጠውን ሰው አይቆጥርም። የባጃጅም የደረቅ ጭነትም ፈቃድ ያለው ሰው በየዓይነቱ ሲደመር ሁለት ሰው ይሆናል። የሞተውንስ ማን ይሰርዘዋል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እድርተኛው ድንኳን ለመትከል ሲሮጥ ሞቱን ለማስመዝገብ ቀበሌ የሚሄድ ጥቂት ነው። በአሜሪካ እንኳ በአንዳንድ ግዛቶች፣ በአንዳንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ባለ መንጃ ፈቃዶች በዚያው ዕድሜ ካለው ሕዝብ በልጠው ታትመዋል። እነርሱ ግን በየ10 ዓመቱ ሕዝባቸውን ስለሚቆጥሩ ስሕተቱን ያዩታል። የእኛ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው።

የእኛ ብቻ የሆነም ችግር አለ። ፀሐይ የምትባል ሴት ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ፣ ጸሀይ ተብላ ብትጻፍ ለእኛ ለአንባቢዎች አንዲት ናት፤ ለኮምፒዩተር አራት ሴቶች ናቸው። ዕድሜ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እናት «የተወለድኸው ለቡሄ ነው» ትላለች፤ ጸሐፊው «መስከረም 1» ብሎ ቢሞላው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1992 የተወለደው ልጅ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ያረጃል። በዚያ ላይ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ 7 መደመር ሲገባ 8 ቢደመር አንድ ዓመት ይጎድለዋል። እንግዲህ «ወጣት ሾፌር» የምንለው የትኛውን ነው?

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መንገዶች የሞቱት 4,352 ናቸው ተብሎ ከመንግሥት ሪፖርት ሲደረግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 27,326 ነበረ። ሟቹ በዚህ ያህል የሚለያይ ከሆነ፣ ሾፌሩም በትክክል ካልታወቀ፣ አንዱን ለአንዱ አካፍለን ማንን ልንወቅስ ነው?

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ቁጥሩ ከመንጃ ፈቃድ ጋር ቢያያዝ አራቱን ፀሐይ አንድ ያደርጋቸዋል። የልደቱን ቀን ግን አያቃናውም፤ የተገመተ ቀን ወደ አዲሱም መዝገብ እንደ እውነት ይገለበጣል። ስለዚህ የምጠይቀው አንዲት ትንሽ ዓምድ ነው፤ ከልደት ቀን አጠገብ «የታወቀ» ወይም «የተገመተ» ተብሎ ይጻፍባት።