«ነካክቼ አበላሸሁት»

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ አዘጋጆቹ ስለ ታላላቅ የኃይል ማመንጫዎች ወይም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደምናገር ሳይገምቱ አልቀሩም። ይሁን እንጂ እኔ የማነሣው ጉዳይ ከዚህ እጅግ ያነሰ መስሎ የሚታይ ነው፤ የመጣሁት ስለ አንድ ማቀዝቀዣ ልናገር ነው። የወጥ ቤት ወሬ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት አስቀድሜ እለምናችኋለሁ።

ማቀዝቀዣው የሚገኘው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ብቻቸውን በሚኖሩት በአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸው 74 ዓመት ሲሆን፣ የስኳር ሕመም ስላለባቸው በየቀኑ 40 ዩኒት ኢንሱሊን ይወጋሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን በማለዳ ደወሉና፣ «ልጄ፣ ፍሪጁን ነካክቼ አበላሸሁት መሰለኝ» አሉኝ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ ወተቱ እንደ ረጋ፣ ቅቤውም እንደ ላላ ነገሩኝ። መብራቱ ይበራል ወይ? ይበራል። በበሩ ላይ ያለው ቁጥርስ? እንደ ወትሮው 4 ይላል። ታዲያ ምን ነካኩ? በሩን በእርጥብ ጨርቅ ከመወልወል በቀር ምንም አላደረጉም።

እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ ምርመራዬን ፈጸምሁ። በዋዜማው ምሽት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር። እንደምታውቁት ኮምፕሬሰር ቆሞ ወዲያው እንዲነሣ ቢደረግ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ ሞተሩ ይታነቃል፤ ስለዚህም መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንዲታገሥ ያደርገዋል። በዚያ ላይ የጎረቤት ምጣድ አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ እንደ መሆኑ፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች ሁሉ እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት 220 ቮልት መሆን የሚገባው ምን ያህል እንደሚወርድ ብዙዎቻችሁ ለክታችሁታል። ስለሆነም፣ «ይታገሡት፣ ራሱ ይነሣል» አልኋቸው። እሳቸውም አምነው ታገሡ።

በሁለተኛው ቀን የሰፈር ጠጋኝ ጠርተው ኖሮ፣ ያ ሰው በሩን ከፍቶ እጁን አስገባና፣ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ፈረደ። ይህን ፍርድ በሕይወቱ ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። በማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ጋዝ እንደ ምድጃ ላምባ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በተቀደደ ስልቻ ውኃ መቅዳት ነው። ደግነቱ አክስቴ በዚያን ዕለት በእጃቸው ገንዘብ አልነበራቸውም።

በሦስተኛው ቀን ራሴ ሄድሁ። ከመሳቢያ ውስጥ የመመሪያውን መጽሐፍ አወጣሁ። በብዙ ቋንቋዎች የተጻፈ ነው፤ አማርኛ የለበትም። ወደ መጨረሻው ገደማ ባለ አንድ ገጽ ላይ፣ በበሩ ላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ለጥቂት ሰከንዶች በአንድነት ከተነኩ ማቀዝቀዣው ወደ ትዕይንት ሁኔታ እንደሚገባ ተጽፏል። ይህ ለመሸጫ አዳራሽ የተበጀ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ በሩ ተከፍቶ ሲቆይ ይጮኻል፤ ኮምፕሬሰሩ ግን አይሠራም። የአክስቴ እርጥብ ጨርቅ ይህን ትእዛዝ ሰጥቶ ኖሯል። ሁለቱን ቁልፎች መልሼ ብነካ፣ ጥቂት ቆይቶ ኮምፕሬሰሩ ማጉረምረም ጀመረ። አክስቴም፣ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁህ፤ ሁለተኛ አልነካውም» አሉኝ።

ስለ ኢንሱሊኑ ልንገራችሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ እስከ ማለቂያ ቀኑ ይቆያል፤ ከቅዝቃዜው ከወጣ ግን ብዙው ዓይነት ለ28 ቀን ገደማ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በማቀዝቀዣው ውስጥ ሦስት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ነበሩ። አንዱ ጠርሙስ 10 ሚሊሊትር ሲሆን፣ በሚሊሊትር 100 ዩኒት ሲታሰብ 1000 ዩኒት ይይዛል፤ ለአክስቴ 25 ቀን ይበቃል ማለት ነው። ፋርማሲስቱ ቀኑ ማቀዝቀዣው ከቆመበት ዕለት ጀምሮ እንዲቆጠር መከሩን። አንዱ ጠርሙስ ጥቅም ላይ ዋለ፤ ሁለቱ ተጣሉ። አንድ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞረ ሰው፣ ሁለት ጠርሙስ መጣል ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳዋል።

ታዲያ አክስቴ ይቅርታ የጠየቁት ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አልለቀቀኝም። አንድ መሣሪያ ሥራውን አቁሞ ሳለ እየሠራሁ ነው አለ። በበሩ ላይ ይታይ የነበረው 4 ተለክቶ የተገኘ ሳይሆን ለገዢ ዓይን የተቀመጠ ቁጥር ነበር። ጥፋቱ የነዳፊው ሆኖ ሳለ፣ ዕዳው የወደቀው በሩን ንጹሕ ለማድረግ በደከሙ ሴት ላይ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ስለ ዕለታዊ ዕቃዎች አነዳደፍ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎች በክፉ የተነደፈ ዕቃ ሲያስቸግራቸው ራሳቸውን እንደሚወቅሱ አስተውሎ ጽፏል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ራስን መውቀስ ከይሉኝታ ጋር ተዳብሎ ይከብዳል። ዕቃው ውድ ነው፤ ልጅ ከውጭ አገር የላከው ነው፤ መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይመረጣል። በየሳሎኑ ዳንቴል ለብሰው፣ «እንዳይበላሽ» ተብለው ሳይነኩ የሚኖሩትን መሣሪያዎች እስቲ አስቡ።

እኔም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መዝጋቢው ፕሮግራሙ የማያውቀውን ቀን ሲያስገባ፣ «ስህተት 17» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ሥራው ይቆም ነበር። 17 ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የጳጉሜን ወር ደግሞ በፕሮግራሜ ውስጥ አልነበረችም፤ ረስቻታለሁ። አንዲት ሠራተኛ ጳጉሜን 3 ቀን የገባ ዕቃ ለመመዝገብ ብዙ ደክማ ሲያቅታት፣ መስከረም 1 ቀን ብላ መዘገበችው። በምርመራ ጊዜ ሰነዱና መዝገቡ አልገጥም ቢል፣ ቀርባ የተጠየቀችው እርስዋ ናት። እኔ ይህን የሰማሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ፕሮግራሙን አስተካከልሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር የሚል ደብዳቤ ግን ለአለቆችዋ አልጻፍሁም። ዛሬ በእናንተ ፊት የምናገረውም ያን ጊዜ መናገር ስለ ነበረብኝ ነው።

ከቀን አቆጣጠር ወደ ሰዓት ልለፍ፤ ይህም እንደገና ወደ አክስቴ ቤት ይመልሰኛል። ለጠዋቱ መርፌ ማንቂያ እንዲሆናቸው ስልካቸውን ለአንድ የጎረቤት ልጅ ሰጥተው፣ «ሁለት ሰዓት ላይ ሙላልኝ» አሉት። ልጁም እንደ ታዘዘው 2:00 ብሎ ሞላ። ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ተነሥተው ጠርሙሱን ካወጡ በኋላ መስኮቱ ጨለማ መሆኑን አይተው ተጠራጠሩና ተዉት። በባዶ ሆድ ተወግተው ተመልሰው ቢተኙ ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደ ነበር ማሰብ አልፈልግም። ያ ስልክ የካትማንዱ ሰዓት ከግሪንዊች በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እንደሚቀድም ያውቃል፤ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሕዝብ መኖሩን ግን ባለቤቱን አይጠይቅም። «ጠዋት ነው ወይስ ሌሊት?» የሚል አንዲት ጥያቄ በበቃች ነበር።

ይህ ሁሉ የድኻ አገር ችግር ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ዓ.ም. ዙን የተባለው የማይክሮሶፍት የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ባለ 30 ጊጋባይቱ፣ ዓመቱ 366 ቀን በመሆኑ ብቻ ስሌቱ መውጫ አጥቶ በየባለቤቱ እጅ ደርቆ ዋለ፤ የተሰጠው መድኃኒትም ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቆ በማግሥቱ ማብራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ኔስት የተባለው የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ከሶፍትዌር ማሻሻያ ጋር በመጣ ጉድለት ባትሪው እያለቀ በክረምት እኩሌታ ቤቶች ቀዘቀዙ። በጥር ብርድ በሌሊት የነቃ ሰው ምን ነካሁ ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ ይቀራል ብዬ አልገምትም።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልመለስ። ችግር ሲነገረን አፋችን የለመደው መልስ «አጥፍተህ አብራው» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ምልክቱን ይደመስሰዋልና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ችግር ሲመለስ ባለቤቱ እንደገና ራሱን ይጠረጥራል። ከመሥሪያ ቤት መስኮት የጀመረው «ሲስተም የለም» የሚለው ቃልም ቤታችን ገብቷል፤ ማን እንዳጠፋ፣ ምን እንደ ተቋረጠ፣ መቼ እንደሚመለስ የማይናገር ቃል ነው። እኔ ከባልደረቦቼ የምጠይቀው፣ ፕሮግራም ስትጽፉ መሣሪያው ያልቻለውን ነገር «አልቻልሁም» ብሎ፣ ምክንያቱን ጨምሮ፣ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን እንዲናገር አድርጉት ብዬ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ፣ ፊደሉ አልገባ አለ የሚለው ሰበብ ቀርቷል። የዘመን አቆጣጠራችንም ፕሮግራመኞች በነጻ በሚገለገሉባቸው የታወቁ የኮድ ስብስቦች ውስጥ ተካቷል፤ የሚጠራው ነው ያነሰው።

ለማኅበሩም አንድ ጥያቄ አለኝ። ለሰፈር ጠጋኞች የሚታደል፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ አንድ ማቀዝቀዣ አልቀዘቅዝም ሲል ጋዝ ከመሙላት በፊት ምን ምን መታየትና መለካት እንዳለበት የሚዘረዝር። ያ ሰው አክስቴን ሊያታልል የመጣ አይመስለኝም፤ ያስተማረው የለም፤ በዚህ ጉዳይ ከእኔ የከፋ ስህተትም አልሠራም። ጽሑፉን እኔ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነኝ፤ የሚያርመኝ ሰው ግን እፈልጋለሁ።

ለአክስቴ አንድ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ገዝቼላቸው፣ ውኃ በሞላ ኩባያ ውስጥ ሆኖ ከኢንሱሊኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጠዋትና ማታ አይተው በደብተር ይጽፋሉ። ባለፈው እሑድ ደወሉና፣ «በሩ 4 ይላል፣ ብርጭቆው 9 ይላል፤ የቱን ልመን?» አሉኝ። ብርጭቆውን አልኋቸው። ኢንሱሊኑም ለጊዜው ጎረቤት ቤት እንዲቀመጥ አደረግሁ። የልዩነቱን ምክንያት እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አላገኘሁትም፤ ከዚህ ጉባኤ ስወጣ ወደዚያው ነው የምሄደው።