አዲስ የተመረገ ግድግዳ ቀለም ከመቀባቱ አስቀድሞ ስለሚገባው ዝግጅት

በመንደር ትምህርት ቤት ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ስለ ግድግዳ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ፥ «ግድግዳ መምረግ ከአባቶቻችን የተማርነው ሥራ ነው፤ መምህር ምን ይጨምርልናል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በምርጊቱ ነገር እኔ የእናንተ ተማሪ ነኝ። የምናገረው ምርጊቱ ካለቀ በኋላ ቀለሙ እስኪቀባ ድረስ ስላለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነውና።

ይህንንም ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረው መንደር ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ የመማሪያ ክፍል ሠራ። ግድግዳው ከተመረገ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የምረቃው ቀን ቀረበ። አንድ ሽማግሌ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳስሰው፥ «ልጄ፥ ይህ ገና ውኃ አለበት፤ ጥቂት ይቆይ» አሉኝ። እኔ ግን እንግዶች ሲመጡ ክፍሉ አምሮ እንዲታይ ስለ ፈለግሁ ምክራቸውን ትቼ የዘይት ቀለም አስቀባሁት። በምረቃው ቀን ሁሉም አመሰገነኝ። ክረምቱ ሳያልፍ ግን ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ኋላም እየተላጠ በልጆቹ ደብተር ላይ ረገፈ፤ ከግርጌውም ሻጋታ ወጣበት። በዚያ ገንዘብ ለልጆቹ መጻሕፍት መግዛት ይቻል ነበረ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በእኔ ተፈጸመ።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ? ጭቃ ሲቦካ ብዙ ውኃ ይጠጣል። ከተመረገ በኋላ ያ ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ግድግዳው ፊት እየመጣ ወደ አየር ይወጣል። የዘይት ቀለም ግን እንደ ክዳን ሆኖ መውጫውን ይዘጋበታል፤ የታፈነውም እርጥበት ቀለሙን ከሥሩ እየገፋ ያላቅቀዋል። በሲሚንቶ ወይም በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ እርጥብ ሳለ እንደ አመድ ውኃ የሚያቃጥል ኃይል ስላለው፥ የቀለሙን ዘይት ወደ ሳሙናነት ለውጦ ያበላሸዋል። ስለዚህ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይቆይ ቀለም አይቀባም።

እንግዲህ ሥራው በተራ በተራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፥ ጊዜን መምረጥ ይገባል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በበጋ የተመረገ ግድግዳ ደኅና አድርጎ ይደርቃል። በርና መስኮቱ ተከፍቶ ነፋስ ይግባበት። ቶሎ ይድረቅ ብሎ እሳት ማንደድ ግን አይገባም፤ ፊቱ ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና።

ሁለተኛ፥ ስንጥቁን መድፈን ነው። ጭቃ ውኃው ሲወጣ ስለሚሸሽ የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርም፤ ይህ ሊያስፈራን አይገባም። መሰንጠቁን እስኪጨርስ ጠብቆ፥ ስንጥቁን በውኃ ረጨት አድርጎ፥ በተነፋ አፈርና በደቀቀ የጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ መድፈን፥ ከዚያም በቀጭኑ መለሰን ነው። ይህም ልስን በተራው ይድረቅ።

ሦስተኛ፥ መድረቁን መመርመር ነው። እርጥብ ጭቃ ጠቆር ይላል፤ የደረቀ ይነጣል። በመጨረሻ የሚደርቁት ማዕዘኑና ግርጌው ስለ ሆኑ በእነርሱ ላይ መዳፍን አሳርፎ ቅዝቃዜ እንዳለ ማየት ነው። የሚጠራጠር ሰው አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን አጥብቆ በግድግዳው ላይ ይለጥፍና ያሳድረው፤ በማግሥቱ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከታየበት ግድግዳው ገና ነው።

አራተኛ፥ ትቢያውን በመጥረጊያ ደኅና አድርጎ ማራገፍ ነው፤ ቀለም በትቢያ ላይ ከተቀባ የሚይዘው ትቢያውን እንጂ ግድግዳውን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ለጭቃ ግድግዳ ከዘይት ቀለም ይልቅ ኖራ ይሻላል፤ ዋጋው ይቀላል፥ እርጥበትንም አያፍንም። ኖራ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። ያልበረደ ኖራ በውኃ ሲገናኝ ይፈላል፤ ስለዚህ ኖራውን በውኃው ላይ ጥቂት በጥቂት መጨመር እንጂ፥ ውኃውን በኖራው ላይ ማፍሰስ አይገባም። ሕፃናት አይቅረቡ፤ ዓይንን የነካ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የበረደው ኖራ ተጣርቶ እንደ ወተት ይቅጠን። የደረቀው ግድግዳ ኖራውን በአንድ ጊዜ እንዳይመጥጠው ፊቱን ብቻ ውኃ ረጨት አድርጎ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይልቅ በየቀኑ አንዳንድ ጊዜ እያሳሱ 3 ወይም 4 ጊዜ መቀባት ይበልጣል፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነውና።

ግድግዳውን በወረቀት ለመሸፈን የሚፈልግም ይህንኑ ይጠብቅ፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይ የዱቄት ሙጫ ይሻግታል። በጣና ሐይቅ ባሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የቀድሞ ሠዓሊዎች በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የጥጥ ሸማ ለጥፈው ሥዕላቸውን በዚያ ላይ አኖሩ። ሥዕሉ ለብዙ ዘመን የቆየው ሥሩ አስቀድሞ ስለ ተዘጋጀ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ አሁን ይህ የእናንተ ክፍል ተመርጎ ሳለ፥ «መቼ ይቀባል?» ትሉኛላችሁ። መልሴ፥ «ግድግዳው ሲፈቅድ» ነው። የምረቃው ቀን ይዘግይ፤ ልጆቻችንም ባልተቀባው ግድግዳ መካከል ጥቂት ጊዜ ይማሩ። ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተም በየሳምንቱ መዳፋችሁን በማዕዘኑ ላይ እያሳረፋችሁ ያገኛችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ። ከእናንተም መካከል፥ «መምህር፥ ገና ነው» የሚለኝ ቢኖር፥ በዚህ ጊዜ እሰማዋለሁ።